ለግቢ እርባታ የቱ ዶሮ ይሻላል? ሐበሻ፣ ሳሶ ወይስ ቦቫንስ

ዶሮ ለመግዛት ስትነሱ ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ የእንቁላል ብዛት ነው። የእንቁላል የውጭ ዝርያዋ ቦቫንስ ብራውን በዓመት ከ300 በላይ፣ ሌላዋ የውጭ ዝርያ ሳሶ ደህና ከተቀለበች ከ150 እስከ 200፣ የአገራችን ሐበሻ ከ40 እስከ 60። በዚህ ብቻ ከሄድን ቦቫንስን የሚያህል የለም። ግን 300ው እንቁላል የሚገኘው ከመኖ ነው። ቦቫንስ በቀን 110 ግራም ገደማ የተመጣጠነ መኖ ትፈልጋለች። ግቢ ለቃችሁ ፉርሽካ ብቻ ብትበትኑላት እንቁላሏ ቶሎ ይቀንሳል። ቋሚ የመኖ ገንዘብ ለሌለው ሰው አልመክራትም።

ሐበሻ መሬት ጭራ ምግቧን ታገኛለች። ጭልፊት ስታይ ጫጩቶቿን ጠርታ ክንፏ ስር ትከታለች። ራሷ ታቅፋ ስለምትፈለፍል ጫጩት ፍለጋ አትሄዱም። እድገቷ ግን አዝጋሚ ነው፤ እንቁላል ለመጣል ግማሽ ዓመትና ከዚያ በላይ ታስጠብቃለች። ገበያዋ ደግሞ ሌላ ነው። በዓል ሲደርስ ገዢው ቀዩን ወይም ገብስማውን አውራ አንስቶ ይመዝናል፣ ደረቱን ይዳስሳል፣ ከዚያ ዋጋ ይከራከራል። ሥጋው ቁሌት ውስጥ ብዙ ሰዓት ቢንተከተክም አይፈራርስም። እንቁላሏም ትንሽ ሆና ከፈረንጁ በላይ ትሸጣለች።

ሣር ያለው ግቢና ትንሽ የመኖ አቅም ላለው ሰው የእኔ ምርጫ ሳሶ ነው። ከሐበሻ በፍጥነት ይከብዳል፤ ውጭ እየጫረ ከቤት ከተደጎመ አውራው በ4 ወር ገደማ 2 ኪሎ ያልፋል። እንቁላልም ሥጋም ይሰጣል። ችግሩ ሴቷ እምብዛም አታቅፍም፤ እንቁላሏን ለሐበሻ ብታሳቅፉም ልጆቹ እንደ እናታቸው አይወጡም። ስለዚህ በየዙሩ አዲስ ጫጩት መግዛት አለ።

የምትገዙበትን ወር አስቡበት። በዐቢይ ጾም 55 ቀን የእንቁላል ፈላጊ ይቀንሳል። የ45 ቀን የቦቫንስ ቄብ በታኅሣሥ መጀመሪያ ብትገዙ፣ መጣል የምትጀምረው ወደ ፋሲካ ግድም ነው። ለፋሲካ የሚሸጥ የሳሶ አውራ ከሆነ ደግሞ በጥር ያዙት።

የቱንም ብትመርጡ ዶሮን በጅምላ የሚገድለው የፈንግል በሽታ ክትባት ስለመውሰዱ ጠይቁ። «ሐበሻ በሽታ አይነካትም» የሚለውን አትመኑ፤ ፈንግል ሲገባ ሐበሻውንም ሳሶውንም ይፈጃል። የትኛው ክትባት በስንተኛው ቀን እንደተሰጠ መናገር ካልቻለ ሻጭ አትግዙ።