የአባታችንን ደብተር ለሕትመት ላበቃችልን የቱሉ ዲምቱ እህታችን

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ፣ ከኮዬ ፈጬም ከገላንም ወደዚህ ለምትመላለሱ ሁሉ፦ ፋይል አልላክ ወይም በትክክል አልታተም ብሎ ያስቸገራችሁ ካላችሁ እባካችሁ ይህን አንብቡልኝ። የሰፈራችንን የኮፒ ቤት ባለሙያ ፊት ለፊት አመስግኛታለሁ። ግን እንዲህ ያለ ባለሙያ በሰፈራችን እያለ ሰው መሃል ከተማ ድረስ ሲንከራተት ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው።

አባታችን አስተማሪ ነበሩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ የቤተሰባችንን ታሪክ፣ ከአያት ቅድመ አያት የሰሙትን ሁሉ፣ በደብተር ሲጽፉ ኖረው አረፉ። ሙት ዓመታቸው ሲቃረብ ደብተሩን ስካን አስደረግን፣ መግቢያውንና የእኛን የልጆቹን ትዝታ አስተየብን፣ መሃሉ ላይ ፎቶዎቻቸውን አስገባን። በጠቅላላው 168 ገጽ ሆነ። ለዘመድ የሚታደል 40 ቅጂ ነበር የምንፈልገው።

መጀመሪያ የሄድኩት ራቅ ወዳለ አንድ ማተሚያ ቤት ነው። ስሙን አልጠራም። «ፎቶ ስላለበት ሁሉም ገጽ በከለር ነው የሚታተመው» አሉኝና ዋጋውን ስሰማ ደነገጥኩ። ይሁን ብዬ አንድ ናሙና አሳተምኩ። ስገልጠው የመግቢያው ርዕሶች በሙሉ በፈረንጅ ፊደል ተተራምሰው ወጥተዋል። የአባቴ ስም መጻፍ ያለበት ቦታ ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የነጥብ ክምር ሳይ አንጀቴ ተቃጠለ። «ፋይላችሁ ነው የተበላሸው፣ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም» ተብዬ ተሸኘሁ። ውጭ አገር ያለችው እህቴ አይታ እንድታርም በኢሜል ልላክላት ብል ደግሞ ፋይሉ 184 ሜጋባይት ነው፤ ጂሜል ከ25 በላይ አያስተናግድም።

እንዲህ ተበሳጭቼ ወደ ቤት ስገባ ነው ከብሎካችን ፊት ለፊት፣ ከዳቦ ቤቱ ጎን ያለችውን «ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ጥረዛ» የምትል ጠባብ ቤት ያየኋት። በየቀኑ የማልፋት ቤት ናት። ገባሁና ፍላሹን ሰጠኋት።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ምን እንደያዘ እንየው» አለችና ፋይሉን ከመክፈት ይልቅ ጥቁር መስኮት ከፍታ ትእዛዝ መጻፍ ጀመረች። ማውስ አልነካችም። ምን እየሠራሽ ነው ስላት ሳትሰለች አስረዳችኝ። ፒዲኤፍ ዝም ብሎ ምስል አይደለም፣ «ይህን ፊደል እዚህ አስቀምጥ፣ ይህን መስመር እስከዚያ አስምር፣ ይህን ፎቶ በዚህ ስፋት ዘርጋ» እያለ ገጹን የሚገልጽ ጽሑፍ ነው አለችኝ። ያንን ገለጻ የሚያነብና የሚተረጉም ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ጎስትስክሪፕት ይባላል። ሊኑክስ በሚባለው ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት «ጂኤስ» ብለው ነው የሚጠሩት፣ እሷ በምትጠቀምበት ዊንዶውስ ላይ ደግሞ «ጂኤስዊን64ሲ» ይባላል። የሚጫን ቁልፍ የለውም፤ የምትፈልገውን በጽሑፍ ታዝዘዋለህ፣ እሱም ይሠራል።

ከዚያ የሆነውን ነው ልነግራችሁ የፈለግኩት። ገጾቹን ሲያነብ በጥቁሩ መስኮት ላይ መስመሮች ይወርዳሉ። እኔ ዝም ብሎ የሚያልፍ ነገር መስሎኝ ነበር። እሷ ግን እያነበበችው ኖሯል። «ይኸው ጋሼ» አለችና በስክሪፕቶዋ ጫፍ አንድ መስመር ነካች። ፕሮግራሙ አንድ ፎንት፣ ማለትም የፊደል ቅርጽ የያዘ ፋይል፣ አጥቶ በሌላ እየተካሁ ነው ይላል። ያጣው ፎንት የተየበልን ሰው ርዕሶቹን የጻፈበት የድሮ የግዕዝ ፎንት ነው። እነዚያ የድሮ ፎንቶች የተሠሩት ዩኒኮድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ ሳይለመድ በፊት ስለሆነ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነው ያስቀመጡት። ፎንቱ ፋይሉ ውስጥ ካልታቀፈና ኮምፒውተሩም ላይ ከሌለ፣ ከሥር የቀረው ላቲኑ ይወጣል። የአባቴን ስም ያጠፋው ይኸው ነው! ፋይሉ አልተበላሸም፣ ፊደሉ ነው አብሮት ያልተጓዘው።

እዚህ ላይ ልትዋሸኝ ትችል ነበር። «አስተካክለዋለሁ» ብላ ርዕሶቹን በራሷ ልትተይብና ልታስከፍለኝ ትችል ነበር። እሷ ግን «ይሄ ፕሮግራም የሌለውን ፎንት ከየትም አያመጣም። የተየበልዎት ሰው ጋ ይደውሉና ዋናውን የዎርድ ፋይል ከነፎንቱ ይላክልን» አለችኝ። ደወልኩ፣ በቴሌግራም ላከልን፣ ፎንቱን አብራ አስገብታ ፒዲኤፉን እንደገና አወጣችው። ዳግመኛ በዚያው ጥቁር መስኮት አሳለፈችው። የመተካት መልእክቱ ጠፋ። ርዕሱን ከፍታ ስታሳየኝ የአባቴ ስም ጥርት ብሎ በአማርኛ ተቀምጧል።

ቀጥሎ የከለሩ ጉዳይ መጣ። ይህንን ማንም አሳትማለሁ የሚል ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ጎስትስክሪፕት «ኢንክኮቭ» የሚባል የውጤት አማራጭ አለው፤ ምንም ሳያትም የእያንዳንዱን ገጽ የቀለም ድርሻ በአራት ቁጥር ይናገራል። ሲያን (ውሃ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ደማቅ ሮዝ)፣ ቢጫ፣ ጥቁር። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ዜሮ ከሆኑ ገጹ ላይ ከለር የሚባል ነገር የለም ማለት ነው። አብረን ቁጥሩን ወደ ታች ተከተልን። የተየብነው 30 ገጽ ሦስት ዜሮና አንድ ትንሽ ቁጥር፣ ሦስት ዜሮና አንድ ትንሽ ቁጥር እያለ ሄደ። ከ31 ጀምሮ ግን በእጅ የተጻፈው ደብተር ስለሆነ ቢጫው ቁጥር ከፍ አለ። ለምን? የደብተሩ ወረቀት አርጅቶ ቢጫ ሆኗል፣ እኛም በከለር ነው ስካን ያስደረግነው። «የወረቀቱን እርጅና ለማተም ነው የከለር ዋጋ የሚከፍሉት» አለችኝ። እኔም ቀለሙን ሳይሆን የእጅ ጽሑፋቸውን ነው የምፈልገው አልኳት።

ስለዚህ ፋይሉን ከሦስት ከፈለችው፤ ከ1 እስከ 80፣ ፎቶ ያለበትን ከ81 እስከ 91፣ የቀረውን እስከ 168። የመጀመሪያ ገጽና የመጨረሻ ገጽ ቁጥር እየሰጠችው ነው የሚቆርጠው። ፊትና ኋላውን ወደ ግራጫ ቀየረችው፣ ፎቶዎቹን በከለራቸው ተወችው። ከ168 ገጽ በከለር የታተመው 11 ብቻ ሆነ። በ40 ቅጂ አባዙትና ለውጡን እዩት።

መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ቁጭ ብለን ጠበቅን፣ ስለ አባቴ ጠየቀችኝ። የፈተና ወረቀት በስቴንስል ቀርጸው፣ በእጅ በሚዞር ማባዣ አባዝተው ጣታቸው ጠቁሮ ወደ ቤት ሲመጡ እንደማስታውስ ነገርኳት። እሷም ይሄ ፕሮግራም ከየት እንደመጣ በጥቂቱ ነገረችኝ፤ ማታ ደግሞ ቤት ገብቼ ራሴ አነበብኩ። ፖስትስክሪፕት የሚባለውን የገጽ መግለጫ ቋንቋ በፈረንጆቹ 1984 ያወጣው የነጆን ዋርኖክና ቻርልስ ጌሽኪ ድርጅት አዶቢ ነው። በ1985 አፕል ሌዘርራይተር በሚለው ፕሪንተሩ ላይ አስገብቶት በጠረጴዛ ኮምፒውተር መጽሐፍ ማዘጋጀት ተቻለ። ይህንኑ ቋንቋ የሚያነበውን ጎስትስክሪፕትን ደግሞ ፒተር ዶይች በ1988 ሠርቶ በነፃ ለቀቀው። ፒዲኤፍ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ በ1993 ነው። አባቴ ይህን ቢሰሙ ኖሮ ደብተር አውጥተው ዓመተ ምሕረቱን ይመዘግቡ ነበር።

መብራቱ ሲመጣ ለእህቴ የሚላከውን አሳነሰችው። «ኢቡክ» የሚባለውን ደረጃ ሰጠችው፤ ፎቶዎቹን በኢንች ወደ 150 ነጥብ ያወርዳቸዋል። 184 ሜጋባይቱ 14 ሆነ። «ስክሪን» የሚለው 72 ስለሆነ ከዚህም ያንሳል፣ ግን የእጅ ጽሑፉ ሊደበዝዝ ስለሚችል አልፈለገችውም። የተጨመቀውን ለማንበብ ብቻ እንጂ ለማተም እንዳልሰጥ አስጠነቀቀችኝ፤ የሚታተመው ከዋናው ነው። ሌላም አለ። ፕሮግራሙ የድሮውን ፋይል አያጠብም፣ አንብቦ አዲስ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ አዲሱን በዋናው ፋይል ስም ካስቀመጣችሁት ዋናው ይጠፋል። እሷ በፊት ለፊቴ አዲስ ስም እየሰጠች ነው የሠራችው፣ ዋናውን በሁለት ፍላሽ ላይ አስቀምጣ። ከእኔ በኋላ የመጣ ወጣት ዲጂታል ፊርማ ያለበት ሰነድ አሳንሺልኝ ሲላትም «እንደገና ሲጻፍ ፊርማው ዋጋ ያጣል፣ እንዲሁ ይላኩት» ብላ መለሰችው። ገንዘቡን ትታ።

ሌላው ያስደሰተኝ ሁሉም ያለ ኢንተርኔት እዚያው ኮምፒውተሯ ላይ መሠራቱ ነው። ፋይል በነፃ እናሳንሳለን የሚሉ ገጾች ላይ የቤተሰባችንን ፎቶና የአባቴን የልደት ወረቀት መጫን አልፈልግም ነበር።

ለፋይሉ ሥራ 200 ብር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ሕትመቱንና ጥረዛውን በተለመደው ዋጋ። ጨምሬ ልስጥ ብላት አልቀበልም አለች። በሙት ዓመቱ ቀን መጽሐፉ ታደለ። አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ መነጽራቸውን አውጥተው ደብተሩን በጣታቸው እየተከተሉ ሲያነቡ ነበር። «ይሄ የሱ እጅ ነው፣ ሀ ሲጽፍ እንዲህ ያጎብጣታል» አሉ። ግራጫ ቢሆንም አልተለወጠባቸውም።

ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አልጽፍም። ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ስትገቡ ዳቦ ቤቱን ጠይቁ፣ ቀጥሎ ያለችው ቤት ናት። ቦታዋ ጠባብ ናት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ነው የሚቆመው፤ የፈተና ሰሞን ወረፋ አለ፤ እሁድ ዝግ ነው። የሽፋን ዲዛይን አትሠራም፣ አልችልበትም ብላ በግልጽ ትነግራችኋለች። አማርኛ ያለበት ፋይል ከሆነ የተየበላችሁን ሰው ፎንቱን ጠይቃችሁ በፍላሹ ላይ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሥራው ግማሽ ያህል ይቀልላታል።