ለአዘዞው አትክልተኛ አባት ምስጋና፤ የሎሚያችሁ ቅጠል ለገረጣባችሁ የጎንደር ሰዎች

በግቢያችሁ ሎሚ፣ ጌሾ፣ ቃሪያ ወይም ጎመን ኖሯችሁ ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ መላ ያጣችሁ ካላችሁ፣ አዘዞ ያሉትን አትክልተኛ አባት ፈልጓቸው። ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፤ ዕድሜና ጤና ይስጥዎት! ተክሉን ሳያዩ ለማንም ሰው ማዳበሪያ አያዙም። ልናመሰግናቸው የተነሳነውም ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ የሚጠይቁት «ቢጫው ከየት ጀመረ?» ብለው ነው። ከታች፣ ከአሮጌው ቅጠል ጀምሮ ወጥ ሆኖ ከገረጣ ያነሰው ናይትሮጅን የሚባለው የተክል ምግብ ነው፤ ተክሉ ሲቸግረው ከአሮጌው ቅጠል እየወሰደ ለለጋው ይሰጣልና። አሮጌው ቅጠል ጅማቱ አረንጓዴ ሆኖ መሐል መሐሉ ከወየበ ማግኒዥየም፣ ዳር ዳሩ ተቃጥሎ ከደረቀ ፖታሺየም ይጠረጠራል። ብረት ግን ከአሮጌው ቅጠል ወደ ለጋው እንደልብ አይሄድም። ስለዚህ እጥረቱ ጫፍ ላይ ይወጣል፦ አዲሱ ቅጠል ፈዛዛ ቢጫ ይሆናል፤ ጅማቶቹ ብቻ እንደ መረብ አረንጓዴ ሆነው ይቀራሉ።

ሎሚ ላይ ይህ በጣም ይታያል፤ አንዱ ምክንያትም የምድጃ አመድ ነው። አመድ ፖታሺየምና ካልሲየም ስላለው ጥቂቱ አይከፋም። ሥሩ ላይ በየጊዜው ሲደፋ ግን የአፈሩን አሲድነት ያጠፋዋል፤ ያኔ ብረቱ አፈሩ ውስጥ እያለ ሥሩ ሊወስደው አይችልም። ዩሪያ ቢጨምሩበት ምንም አይፈይድም። ጋሼ አመዱን ያስቆማሉ፤ የላይኛውን አመዳም አፈር ጠርገው ያነሳሉ፤ ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ አድርገው በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት ሁለት ጣት ያህል ያለብሳሉ። የገረጣው ቅጠል ላይመለስ ይችላል፤ መዳኑ የሚታወቀው በአዲሱ ቅጠል ነው።

ማዳበሪያ ከማዘዛቸው በፊት ግን ሥሩን ቆፈር አድርገው ያያሉ። በክረምት ዋልካ አፈር ውሃ ይቋጥራል፤ ተክል የተተከለበት ያልተበሳ የቀለም ባልዲማ ዓመቱን ሙሉ ኩሬ ነው። ሥሩ ነጣ ብሎ ጠንካራ ከሆነ ጤነኛ ነው። ጠቁሮ ከለሰለሰና ከሸተተ የጎደለው አየር ነው፤ እዚህ ላይ ማዳበሪያ መጨመር ተክሉን መግደል ነው። ለ20 ሊትር ባልዲ ታቹን 5 ወይም 6 ቦታ በጣት ውፍረት መብሳትና ከመሬት ከፍ አድርጎ ድንጋይ ላይ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አፈሩም ይቀየር፦ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ።

ሥሩ ጤነኛ ሆኖ ናይትሮጅን ካነሰ፣ አንድ ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ ዩሪያ በ10 ሊትር ውሃ ይሟሟል። ቀድሞ በረጠበ አፈር ላይ ለአንድ የጎመን እግር ግማሽ ሊትር ይበቃል፤ እስከ ሦስት ሳምንት አይደገምም። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ በእፍኝ ሲበተን ሥር ያቃጥላል።

የቲማቲሙ ታች ጠቁሮ ከሰረጎደ ደግሞ ፍሬው ካልሲየም አጥቷል፤ ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ አንድ ቀን አጥለቅልቆ አራት ቀን ማስጠማት ነው። ውሃውን እኩል አድርጉት።

ስልካቸው እዚህ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ አዘዞ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጡትን ብትጠይቁ ያገናኟችኋል። ስትሄዱ አንድ አሮጌና አንድ ለጋ ቅጠል፣ ከሥሩ አጠገብም አንድ ጭብጥ አፈር ይዛችሁ ሂዱ። በስንት ቀን እንደምታጠጡና አመድ ጨምራችሁ እንደሆነ መጠየቃቸው አይቀርም።