ቻው ሆዴ! የግንበኞቹን ድራማ በ3 ፓውንድ ገዝቼ እንደገና አየሁት

ባለፈው ቅዳሜ ለልጄ የዝናብ ቡትስ ልፈልግ ቻሪቲ ሾፕ (ያገለገለ እቃ የሚሸጥበት ሱቅ) ገብቼ ቡትሱን ትቼ ምን ይዤ ብወጣ ጥሩ ነው፣ የእንግሊዞቹን የቲቪ ድራማ የ«አውፍ ቪደርዜን ፔት»ን የመጀመሪያ ሲዝን ዲቪዲ፣ በ3 ፓውንድ። ሚስቴ «ደሞ ማጫወቻውን ከየት ልታመጣለት ነው?» አለችኝ፣ እውነቷን ነው፣ ማጫወቻ ከጓደኛ ተውሼ ነው ያየሁት፣ ግን 13ቱንም ክፍል በአራት ማታ ጨረስኩት።

መጀመሪያ ያየሁት ሰሜን እንግሊዝ ኒውካስል ሳይት ላይ ሌበር ሆኜ ጡብ ሳቀብል ነው። የማቀብልለት ሰውዬ ጡረታው የደረሰ ግንበኛ ነበር፣ በልቤ ጋሼ ነበር የምለው። አንድ እሁድ ቤቱ ምሳ ጠራኝ እና ባለቤቱ ሻይ ስታቀርብልኝ «ይኸው ፔት» አለችኝ። እኔ የማውቀው ፔት የቤት እንስሳ ነው፣ ውሻ ድመት ምናምን፣ ፊቴ ተቀያየረ መሰለኝ ሰውዬው ሳቁ አላቆም አለው፣ ከዛ እዛ አገር ለሚስትም ለልጅም ለእንግዳም እንደዛ እንደሚባል፣ እንደኛ «ሆዴ» በሉት፣ አስረዳኝና ተነስቶ ከቁም ሳጥን ውስጥ የቪዲዮ ካሴቶች አወጣ። የድራማው ስም እኮ እሱ ነው፣ ግማሹ ጀርመንኛ ግማሹ የኒውካስል፣ «ደህና ሁኚ ሆዴ» ብሎ ሰው ሚስቱን ተሰናብቶ ለስራ ሲሄድ። ከዛ ቀን በኋላ እሁድ እሁድ እነሱ ቤት እሱን ማየት ሆነ ስራዬ።

ታሪኩ እንዲህ ነው፣ በታቸር ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ስራ ያጣበት ወቅት ነው፣ ሰባት ወንዶች ስራ ፍለጋ ጀርመን ዱሰልዶርፍ ይሄዱና ሳይት ላይ ይቀጠራሉ። ዴኒስ፣ ኔቪልና ኦዝ ከኒውካስል የመጡ ግንበኞች ናቸው፣ ቦምበር የሚሉት ግዙፉም ግንበኛ ነው፣ ዌይን አናጢ፣ ባሪ ኤሌክትሪሺያን፣ ሞክሲ ለሳኝ። አይቲቪ በሚባለው የእንግሊዝ ቲቪ ላይ የጀመረው በፈረንጆቹ ህዳር 1983 ነው። ሀሳቡን ያመጣው ፍራንክ ሮዳም ነው (የምግብ ውድድሩን ማስተርሼፍን በኋላ የፈጠረው ራሱ ሰውዬው)፣ የአገሩ ልጆች ለስራ ወደ ጀርመን ሲሄዱ አይቶ፣ የጻፉት ደግሞ ዲክ ክሌመንትና ኢያን ላ ፍሬኔ።

አሁን ስለግንባታ ነው ስላልኩ ህንፃ ሲቆም የምታዩ እንዳይመስላችሁ። አለ፣ ካዞላ አለ፣ ሞርታር አለ፣ ጭቃ አለ፣ መሬት ሲቆፈር ያልፈነዳ የጦርነት ጊዜ ቦምብ የሚገኝበት ክፍል ሁሉ አለ። ግን ድራማው ያለው ጎጆዋ ውስጥ ነው። ሰባቱም የሚያድሩት አንድ የእንጨት ባራክ ውስጥ ነው፣ የምርኮኛ ካምፕ ነው የምትመስለው፣ እነሱም በዚሁ ይቀልዳሉ። አልጋ ከአልጋ የተጠጋጋ፣ ካልሲ የተሰቀለበት ገመድ፣ አንዱ ሲያንኮራፋ ሌላው ጫማ ሲወረውር። ወንድሜ ጅዳ ግንባታ ላይ እያለ የሚነግረኝ ልክ ይሄንን ነበር፣ ሰባት ሆነው አንድ ክፍል፣ አንድ ድስት፣ ማን ሽንኩርት ይግዛ ተብሎ የሚጣሉት ጥል። ስራውማ ስራ ነው ይላል፣ የሚከብደው አርብ ነው፣ ስራ የሌለበት ቀን የት እንደምትገባ ታጣለህ። ኔቪልን ሳየው እሱ ነው ትዝ የሚለኝ። ኔቪል ገና አዲስ ሙሽራ ነው፣ ሚስቱ ብሬንዳ በናፍቆት ልትገድለው ነው፣ ሌሎቹ መሸታ ቤት ሲሄዱ እሱ ስለ ቤቱ ያስባል፣ እና ይሄ ጨዋ ልጅ አንድ ቀን ሰክሮ ሲነቃ ክንዱ ላይ የሌላ ሴት ስም ተነቅሶ ያገኘዋል። በሳቅ ነው የሚሞተው ሰው፣ እኔ ግን በሁለተኛው ዙር ሳየው ሆዴ ተላወሰ፣ አሁን ባለትዳር ነኛ።

ኦዝን ደግሞ ልትጠሉት ትችላላችሁ። ባለጌ ነው፣ ጀርመን ሁሉ ጠላቱ ነው፣ ጦርነቱ ያላለቀ ይመስል፣ አገር ቤት ላለችው ሚስቱና ለልጁ ግድ የለውም፣ እንደሱ አይነት ሰው እያንዳንዱ ሳይት ላይ አንድ አይጠፋም። የሚጫወተው ጂሚ ኔይል ከዛ በፊት ትወና ሰርቶ አያውቅም፣ ምናልባት ለዛ ይሆናል እንደተዋናይ የማያወራው። ባሪ ሆኖ የሚያሰለቸን ሰውዬ ቲሞቲ ስፖል ነው፣ ሃሪ ፖተር ያየ ልጅ ካላችሁ አይጡን ሰውዬ በሉት ያውቀዋል።

ጉድለት አለው ወይ፣ አለው። ሴቶቹ ገና አንድ ነገር ሊሉ ሲሉ ትዕይንቱ ያልቃል፣ የዴኒሷ ጀርመናዊት ዳግማር ትንሽ ትሻላለች። ሞክሲ እንዲሁ ጥግ ላይ ተረስቶ ነው የሚቀረው፣ ያሳዝነኛል። የዛሬ ልጅ ደግሞ ፍጥነቱን አይችለውም፣ አንድ ሰውዬ ተነስቶ ሻይ አፍልቶ ጠጥቶ እስኪጨርስ ካሜራው አብሮት ይቀመጣል (እኔ እሱን ነው የምወደው)። ምስሉ ሻካራ ነው፣ የኔው ዲስክ ላይ ደግሞ ቆሻሻ ስለነበረ አንዱ ክፍል መሀል ላይ ተንተባተበ፣ በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ አጥቤው ሄደ። ከሁሉ በላይ አክሰንቱ! እንግሊዝኛዬ ጥሩ ነው የምትሉ ሞክሩት እስቲ፣ እኔ ሶስት አመት ኒውካስል ሰርቼ እንኳ ኦዝ ሲናደድ ሪሞት አንስቼ ወደኋላ እመልሳለሁ።

የመጨረሻውን ክፍል አልነግራችሁም። ጎጆዋ ላይ የሚደርሰውን ካያችሁ በኋላ ግን አብረን እናወራለን፣ ጋሼ ያንን ክፍል ሲያይ ሁሌ ተነስቶ ኩሽና ይገባ ነበር፣ ሻይ ላፍላ ብሎ፣ ሻዩ ጠረጴዛ ላይ እያለ።

ለመግዛት ለምታስቡ፣ ከዚህ ሲዝን ጀምሩ፣ በኋላ ቢቢሲ በ2002 እና በ2004 የመለሰውንም አይቼዋለሁ፣ መጥፎ አይደለም ግን ሰዎቹ አርጅተዋል፣ ጎጆዋም የለችም። የ1986ቱ ሁለተኛ ሲዝን ግን ይቀረኛል፣ ግማሹ እንግሊዝ ደርቢሻየር ግማሹ ስፔን የሆነው፣ ዌይንን የሚጫወተው ጋሪ ሆልተን ቀረፃው ሳያልቅ የሞተበት። ቤቱ ውስጥ አቧራ የሚጠጣ ዲቪዲ ያለው ካለ ያውሰኝ፣ ማጫወቻውን ባለቤቱ እስከ ወር መጨረሻ አይጠይቀኝም።