የልጄን ክንድ ላተረፉልን አሠልጣኝ የቀረበ ምስጋና

በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ ልጆቻችሁን ቤዝቦል የምታስጫውቱ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ባለፈው የብርድ ወራት የ14 ዓመት ልጄን ያሠለጠኑልንን ሰው በአደባባይ ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው።

ልጄ ፒቸር፣ ማለትም ኳሱን ለመቺው የሚወረውር ተጫዋች ነው። ከትንሹ ሜዳ ወደ ትልቁ ሲሸጋገር፣ 46 ጫማ የነበረው የውርወራ ርቀት 60 ጫማ ከ6 ኢንች፣ ማለትም ከ18 ሜትር በላይ ሆነበት፤ ይህንንም በክንዱ ብቻ ሊወጣው ሲታገል ከርሞ ክርኑን ያመው ጀመር። የዚያን ጊዜው አሠልጣኙ መፍትሔው ጠንክሮ መወርወር ብቻ እንደሆነ ይነግሩን ነበር። በመጨረሻ ሐኪም ለሳምንታት ውርወራ ከልክሎት፣ ቀስ በቀስ እንዲጀምር በተፈቀደለት ጊዜ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ወደ እኚህ ሰው መራችን።

በመጀመሪያው ቀን ሜዲሲን ቦል የሚባለውን ከባድ የልምምድ ኳስ ይዘው ሲመጡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደነገጥሁ። የቤዝቦል ኳስ 150 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ያኛው ግን 4 ፓውንድ፣ ወደ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ነው። ክርኑን ታሞ ለነበረ ልጅ ይህን ማስወርወር ምን ይባላል ብዬ ስጠይቃቸው ሳይቆጡ አስረዱኝ፤ ኳሱ በሁለት እጅ ከዳሌ አጠገብ ተይዞ ስለሚወረወር ክርንን እንደ ቤዝቦል ውርወራ እንደማይወጥረው፣ ጉልበት ከእግር ተነሥቶ በዳሌና በወገብ በኩል ወደ ትከሻ መድረስ እንዳለበትና ክንድም የመጨረሻው ተቀባይ እንደሆነ ነገሩኝ። እኔ ነገሩ የገባኝ በቡሄ ጅራፍ ነው፤ ሰውነቱን ሳያዞር በእጁ ብቻ የሚታገል ልጅ ጅራፉን እንደማያስጮኸው ያየ ያውቀዋል።

ልጁ ለግድግዳው ጎኑን ሰጥቶ ይቆማል፤ ክብደቱን በኋላ እግሩ ላይ ሰብስቦ ወደ ግድግዳው ሲራመድ ዳሌው ቀድሞ ይዞራል፣ ደረቱ ዘግየት ብሎ ይከተላል፣ ኳሱም በሙሉ ኃይል ይለቀቃል። በአንድ ዙር ከ6 ውርወራ አያልፉም፤ ከዚያም ትንፋሹ እስኪመለስ ያሳርፉታል፣ በሌላውም ጎን ያስደግሙታል። ልጄ 8 ፓውንዱን ቢለምናቸው፣ ፍጥነትን የሚገድል ክብደት ለፒቸር አይጠቅምም ብለው ከለከሉት። አንድ ቀን ጀርባቸውን ሰጥተውት የጫማቸውን ክር እያሰሩ ሳለ፣ ሦስተኛው ዙር ሳያልቅ «ይበቃል» አሉ። ኳሱ ኮንክሪቱን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ላልቶባቸው ነበር፤ እኔ ግን ልዩነቱ አልተሰማኝም። የከፈልሁት ለሙሉ ሰዓት ነበርና በልቤ ቅር ብሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን ቀሪውን ጊዜ ያለ ኳስ፣ የፊት እግሩን አጣጣል በማረም ጨረሱት።

ልጄ፣ ብዙ እኩዮቹ እንደሚያስቡት፣ የቶሚ ጆን ቀዶ ሕክምና ክንድን ከድሮው ያጠነክራል ብሎ ያምን ነበር። እርሳቸው አስቀምጠው፣ ቶሚ ጆን በ1974 ዓ.ም. በፈረንጆች አቆጣጠር የተበጠሰ የክርን ጅማቱ በሌላ ጅማት የተተካለት ፒቸር እንደሆነና ወደ ውድድር የተመለሰው በ1976 እንደነበረ ነገሩት። ከዚያ ወዲህ ልጁ ያን ሐሳቡን ትቷል። ፒች ስማርት የተባለው የሜጀር ሊግና የዩኤስኤ ቤዝቦል መመሪያ ለ13 እና ለ14 ዓመት ልጆች በቀን ከ95 ውርወራ እንዳይበልጥ፣ 66 ከደረሰ ደግሞ አራት ቀን እንዲያርፉ ያዛል፤ ቁጥሩን የምመዘግብበትን ደብተርም የሰጡኝ እርሳቸው ናቸው።

ፍጥነቱ ምን ያህል እንደጨመረ በመሣሪያ አላስለካሁም። በኤፕሪል ወደ ሜዳ ተመልሶ የውድድሩን ወራት ክርኑን አንድም ቀን ሳያመው መጨረሱን ግን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ለዚህም እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላቸዋለሁ።

ክፍያቸው ርካሽ አይደለም፣ ቀጠሮአቸውም ከኖቬምበር ጀምሮ ይሞላል። ስማቸውንና ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እሰጣለሁ፤ ሕመም ያለበትን ልጅ ያለ ሐኪም ወረቀት ስለማይቀበሉ ወረቀቱን አስቀድማችሁ ያዙ።