ባለ ፍሬሙ ቀፎ፦ በማሩም በንቧም ሲመዘን

ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ፣ በየከተማው አናጢ ቤት ደጃፍ ተደርድሮ የሚሸጠውን ባለ ፍሬም ቀፎ (ብዙ ሰው ዛንደር ይለዋል) ገዢው የሚመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ስንት ኪሎ ማር ይሰጣል? ተገቢ ጥያቄ ነው። እዚህ ግን አንድ ሌላ እንጨምርበታለን፦ ቀፎው ለንቧ እንዴት ነው? ይህ ጥያቄ ትርጉም የሚኖረው ንቧ የሚሆንባት ነገር የሚሰማት ፍጥረት ከሆነች ብቻ ነው። ስለዚህ ሜትር ከመዘርጋታችን በፊት እሱን እንይ።

የንብ አንጎል የሰናፍጭ ፍሬ ቢያህል ነው፤ የነርቭ ሕዋሳቱም አንድ ሚሊዮን አይሞሉም። በ2011 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) እንግሊዝ አገር ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የተሠራ ሙከራ ግን አናቢን ሁሉ የሚመለከት ነው። ተመራማሪዎቹ ንቦችን አንዱን ሽታ ከስኳር፣ ሌላውን ክዊኒን ከተባለ መራራ መድኃኒት ጋር አስለመዷቸው። ከዚያ ግማሾቹን ማር ፈላጊ አውሬ ቀፎ ሲገለብጥ እንደሚሆነው ለ60 ሴኮንድ አንቀጠቀጧቸው። ቀጥሎ ከሁለቱ ሽታዎች የተቀላቀለ፣ አሻሚ ሽታ አቀረቡላቸው። ያልተነኩት ንቦች አብልጠው ምላሳቸውን ሲዘረጉ ከተንቀጠቀጡት ብዙዎቹ መራራውን ጠርጥረው ሰበሰቡ። በሰውነታቸው ፈሳሽ ውስጥ ያለው የዶፓሚንና የሴሮቶኒን (ነርቮች መልእክት የሚለዋወጡባቸው ኬሚካሎች) መጠንም ወርዶ ተገኘ። ሰው ሲጨነቅ ነገርን ሁሉ ወደ ክፉ እንደሚተረጉም ማለት ነው።

በ2022 ደግሞ ለንደን ውስጥ በኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ቦምቡስ የተባሉ ጠጉራም የንብ ዘመዶች ምግብም ሽልማትም ሳይሰጣቸው ትንንሽ የእንጨት ኳሶችን ደጋግመው ሲያንከባልሉ ታዩ። ተቃራኒ ማስረጃም አለ፤ በ2017 በወጣ ጥናት እግራቸው የተጎዳ ንቦች ከጤነኞቹ አብልጠው ሞርፊን የተባለ ሕመም ማስታገሻ ያለበትን ስኳር አልመረጡም። ነገሩ ገና አልተዘጋም። በ2024 ኒውዮርክ ላይ ይፋ የሆነውና ብዙ ሳይንቲስቶችና ፈላስፎች የፈረሙበት መግለጫም «ነፍሳት ንቃተ ህሊና አላቸው» ብሎ አልደመደመም፤ እንዲህ የመሆኑ ዕድል በእውነት ሊታሰብ የሚገባው ነው፣ እንስሳን የሚነካ ውሳኔ ስንወስን ይህን ቸል ማለት አይገባም አለ። ቅኔ ቤት ያለፈ ጎጃሜ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የንቧ ጠባይ ሰሙ ነው፤ ሁሉም ያየዋል። ወርቁ፣ ማለትም ውስጧ የሚሰማት ነገር መኖር አለመኖሩ፣ በሰሙ በኩል ካልሆነ አይደረስበትም። ወርቁ ገና አልተፈታም ብሎ ሰሙን የሚረግጥ ባለ ቅኔ ደግሞ የለም።

ወደ ቀፎው እንመለስ። ባህላዊው ቀፎ፣ ከሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ ተሠርቶ በጭቃና በእበት የሚለሰነው፣ ለንቧ ኑሮ መጥፎ አይደለም። ብርዱንም ሙቀቱንም ይከላከላል። ችግሩ የቆረጣ ቀን ነው። የማሩ እንጀራ ግድግዳው ላይ ስለተጣበቀ ማሩን ማውጣት የሚቻለው በመስበር ነው፤ በጨለማ ችቦ ሲበራበት ንቡ ይቃጠላል፣ እጩ (ገና ያላደገው የንብ ልጅ) ከማሩ ጋር ይቆረጣል፣ ንግሥቲቱም አንዳንዴ እዚያው ትቀራለች። የባለ ፍሬሙ ቀፎ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። የታችኛው ሣጥን የእጭ ቤት፣ የላይኛው የማር ቤት፣ በመካከላቸው የንግሥት ማገጃ ወንፊት አለ። ፍሬሙ እንደ መጽሐፍ ቅጠል አንድ በአንድ ይነሣል፤ ማሩ ተወስዶ እጩ ሳይነካ ይቀራል።

ይህ የሚሆነው ግን ልኩ ሲጠበቅ ነው፤ በየገበያው ከሚታዩት ቀፎዎች ብዙዎቹ የሚወድቁትም በልክ ነው። ንብ ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር የሆነን ክፍተት መተላለፊያዋ አድርጋ ክፍት ትተዋለች። ከዚያ የጠበበውን በዛፍ ሙጫ ትለስነዋለች፤ የሰፋውን እንጀራ ትሠራበታለች። አናጢው በፍሬሙ ጎንና በሣጥኑ ግድግዳ መካከል 15 ሚሊሜትር ከተወ፣ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፍሬሙ ከግድግዳው ጋር ተሰፍቶ ይገኛል። 3 ከተወም በሙጫ ይጣበቃል። በሁለቱም ፍሬሙን ለማንሣት በብረት መፈልቀቅ ያስፈልጋል፤ እንጀራው ይቀደዳል፣ ንቦች በእንጨቱ መካከል ይጨፈለቃሉ፣ ሣጥኑ ይንቀጠቀጣል። የኒውካስሉን 60 ሴኮንድ እዚህ አስቡት፤ ልክ ባጣ ቀፎ ላይ አንድ ፍተሻ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። የባህላዊው ቀፎ የዓመት አንድ ቀን መከራ በየፍተሻው ይደገማል ማለት ነው።

ሲገዙ መለኪያ ይያዙ። የዛንደር ፍሬም ከጎን እስከ ጎን 420፣ ቁመቱ 220 ሚሊሜትር ነው። ስለዚህ የሣጥኑ የውስጥ ርዝመት ወደ 435 መጠጋት አለበት። መለኪያ ከሌለ ተራ እርሳስ ይበቃል፤ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ያህል ነው። ፍሬሙን ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጡና እርሳሱን በጎኑ ስደዱ። አንድ እርሳስ በቀላሉ ማለፍ አለበት፤ ሁለት ጎን ለጎን ማለፍ የለባቸውም። የታችኛው ሣጥን ፍሬም ራስና የላይኛው ፍሬም ግርጌ የሚገናኙበትን ክፍተትም እንዲሁ ፈትሹ፤ በብዛት የሚረሳው እሱ ነው። ከዚያ አሥሩንም ፍሬም አስገብታችሁ መሃል ያለውን በሁለት ጣት አንሡ። ከተንገራገጨ አትግዙ።

እንጨቱ የደረቀ፣ ቢያንስ 20 ሚሊሜትር የወፈረ ይሁን። ዋንዛ ይመረጣል። እርጥብ ባሕር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም በአንድ በጋ ይጣመምና ልኩ ሁሉ ይበላሻል፤ በስንጥቁ ጉንዳንና የሰም ብል ይገባል፣ ንቦቹም እጩን በ34 እና 35 ዲግሪ መካከል ለማቆየት ያለ ዕረፍት ይደክማሉ። ቀለም የሚቀባው ውጭውን ብቻ ነው። ወደ ውስጥ የወጣ የሚስማር ጫፍ የንብ ክንፍ ይቀድዳል፤ በእጅ ዳስሳችሁ እዩ።

ፍሬም ላይ የሚለጠፈው የታተመ ሰም (ንቧ እንጀራዋን የምትጀምርበት ስስ የሰም ገበታ) ሌላው ማታለያ ነው። ንጹሕ ሰም ማር ማር ይሸታል፣ ሲሰበር ስብራቱ ጥራጥሬ ጥራጥሬ ይላል። ፓራፊን የገባበት እንደ ሻማ ያንሸራትታል፤ ፀሐይ ሲበረታ ማርና እጭ እንደያዘ ይዘረገፋል። ንብ በእንዲህ ያለ ሰም ላይ መሥራት አትወድም፤ ኅብረ ንቡ ሲከፋውም ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል።

ማር ማውጫ በርሜል (ፍሬሙን አሽከርክሮ ማሩን የሚያወጣ) በቅርብ ለሌለው፣ ሰም ማተሚያም ለማያገኝ ሰው ባለ ፍሬሙን አልመክርም። ያለ በርሜሉ እንጀራውን ከፍሬሙ ቆርጦ መጭመቅ ግድ ይሆናል፤ በየዓመቱ አዲስ ሰም፣ በየዓመቱ አዲስ ድካም። ለእንዲህ ያለው ሰው 32 ሚሊሜትር ስፋት ያላቸው ዘንጎች የሚደረደሩበት የሽግግር ቀፎ ይሻለዋል። ማሩ ያንሳል፤ ሥራው ግን ቀላል ነው፣ እጩም አይነካም።

ጥሩ ቀፎም ቢሆን መጥፎ ጭስ ያበላሸዋል። ንብ ስትደነግጥ የምትለቀው ጠረን ሙዝ ሙዝ ይሸታል፤ ሌሎቹን ለመናደፍ የሚጠራው እሱ ነው። (ሙዝ በልቶ ቀፎ መክፈት የማይመከረውም ለዚህ ነው።) ጭስ ይህን ጠረን ይሸፍናል፣ ንቦቹም ማር ወደ መጉረስ ይዞራሉ። ማጨሻው ውስጥ ደረቅ ኩበት አድርጉና ጭሱን በእጃችሁ ሞክሩት፤ ቀዝቃዛና ነጭ ካልሆነ ቆዩ። ትኩስ ጭስ ክንፍ ይለበልባል። ላስቲክና ናፍጣ የነካው ጨርቅ ፈጽሞ አይገባም። በመግቢያው በር ሦስት ጊዜ እፍ ማለት፣ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ፣ ክዳኑን በዝግታ ከፍቶ ከላይ አንድ ጊዜ መድገም ይበቃል። የእኛ ንብ ቁጡ ናት፤ ሥራው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ይሁን።

ማሩ የሚነሣው አደይና ኑግ አበባቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ በጥቅምት መጨረሻና በኅዳር፣ የፍሬሙ አብዛኛው ጉድጓድ በሰም ሲታተም ነው። ያልታተመ ማር ውሃ ስለሚበዛበት ይኮመጥጣል። ፍሬሙን ስታነሡ ንቦቹን አታራግፉ፤ በላባ ወይም በለስላሳ ሣር ወደ ሣጥኑ መልሷቸው። ከታችኛው ሣጥን ማር አይወሰድም፤ አበባ እስኪመለስ የንቦቹ ቀለብ እሱ ነው። ባዶው ፍሬም ማሩ ከተጣራ በኋላ በዚያው ምሽት ወደ ቦታው ይመለስ፤ ውጭ ካደረ የጎረቤት ንብ ለዘረፋ ይመጣና ሁለቱ ቀፎ ይፋጃል።