ስዎት ሳተላይት አዋሽን ይለካል? ሞክሬው ያየሁት (3 ኮከብ ከ5)

ወንጂ መስመር አዋሽ ዳር ሽንኩርት አለማለሁ፣ ቤቴ አዳማ ነው። ክረምት ሲገባ ጭንቀቴ አንድ ነው፣ ፓምፑን ከወንዙ ዳር ላንሳው ወይስ ትንሽ ይቆይ? አምና ይቆይ ብዬ ሌሊት ውሃው መጣና ሞተሩን ጭቃ ሞላው። የወንድሜ ልጅ ነው እንግዲህ "ጋሼ፣ የወንዝ ፍሰት የሚለካ ሳተላይት አለ እኮ፣ ዳታው በነጻ ነው" ያለኝ።

ስዎት ይባላል፣ ናሳና ፈረንሳዮች 2015 ታኅሣሥ ላይ ያመጠቁት ነው። ስራው በእውነት ይገርማል፣ 890 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ 10 ሜትር በተራራቁ ሁለት አንቴናዎች ያያል፣ እኛ በሁለት ዓይናችን ርቀት እንደምንገምተው እሱም የውሃውን ከፍታ ያወጣል። ራዳር ስለሆነ ደመና አያግደውም፤ ፎቶ የሚያነሳውን ሳተላይት ሴንቲኔል-2ን ሐምሌ ላይ ክፈቱት እስቲ፣ የተነደፈ ጥጥ ነው የምታዩት።

ግን ፍሰቱን ራሱን አያይም። ከፍታውን፣ ስፋቱንና ተዳፋቱን ይለካል፣ ሜትር ኩብ በሰከንድ የሚሆነው ከዛ በስሌት ነው፣ የወንዙ ሆድ ከላይ ስለማይታይ ጥልቀቱ ግምት ነው ማለት ነው። አዋሽ ደግሞ ደለሉን ታውቁታላችሁ። ዋናው ነገር ስዎት የተሰራው 100 ሜትርና ከዛ በላይ ስፋት ላላቸው ወንዞች ነው፣ አዋሽን የኛ ማሳ ጋ በናይለን ገመድ ብንለካው ግማሹንም አልሞላ! ሳቅን በቃ። ምድርን አዳርሶ ዙሩን ለመጨረስም 21 ቀን ይፈጅበታል፣ ጎርፉ በአንድ ሌሊት ነው የሚመጣው።

ሦስቱን ኮከብ ያገኘው በቆቃ ነው። እኛ ጋ የሚደርሰው ውሃ ቆቃ የሚለቀው አይደል፣ ሐይቁ ሰፊ ስለሆነ ስዎት ከፍታውን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ከዙር ዙር ከፍ እያለ ሲሄድ ስላየሁ ግድቡ ሳይከፈት ፓምፑን በጋሪ አስወጣሁት።

ፋይሉ ከባድ ነው፣ በሞባይል ዳታ አትሞክሩት፣ እኔ ፓኬጄን ጨርሼ ነው የገባኝ። ባሮ ወይ አባይ ዳር ያላችሁ ግን ሞክሩት፣ የናንተ ወንዝ ይሰፋለታል። እኔ ለዕለት ዕለቱ አሁንም ድልድዩ ስር የቆመውን ቁጥር የተጻፈበት ብረት ነው የማየው፣ ዛሬ ጠዋት ውሃው ቁጥር 2 ላይ ነበር።