የፒካፔን የዲፈረንሻል ጥርስ ከቀየርኩ 9 ወር ሆነኝ፤ ሞተሩ ምን አተረፈ?

መኪናዬ የቆየ ሃይሉክስ ፒካፕ ነው። 2.4 ሊትር ናፍጣ፣ ቱርቦ የሌለው፣ ባለ 5 ማርሽ፣ በኋላ እግር ብቻ የሚጎትት። በጣም እወደዋለሁ። ረጅም መንገድ ላይ 100 ስነዳው የሚያሰማው ጩኸት ግን ሰላም ይነሳኝ ነበር። ይሄ ሞተር እንዲህ እየጮኸ ስንት ዓመት ይቆይልኛል እያልኩ ስብሰለሰል ከርሜ በመጨረሻ የኋላውን የዲፈረንሻል ጥርስ ቀየርኩት፤ ከሞተሩ የሚመጣውን ዙር ቀንሶ ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ማለቴ ነው። ከዚያ ወዲህ ወደ 18,000 ኪሎ ሜትር ነድቼበታለሁ።

መጀመሪያ የነበረው የጥርስ ምጣኔ ስንት እንደሆነ፣ ማለትም ጎማዎቹ አንዴ ሲዞሩ ዘንጉ ስንት ጊዜ እንደሚዞር፣ ማወቅ ነበረብኝ። ለዚህ ዲፈረንሻሉን መክፈት አያስፈልግም። የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ በድንጋይ ደገፍኩ፣ አንዱን የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ አንስቼ ከስሩ ጠንካራ ድጋፍ አስገባሁ፣ ማርሹንና የእጅ ፍሬኑን ለቀቅኩ። ጎማው ላይ እና ከካምቢዮ ወደ ኋላ በሚመጣው ዘንግ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። ከዚያ ጎማውን በእጄ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርኩት፤ ሌላው ጎማ መሬት ላይ ስለቆመ የአንዱ ሁለት ዙር የሁለቱም አንድ ዙር ማለት ነው። ዘንጉ አምስተኛውን ዙር ሊጨርስ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። 4.875 ነው ማለት ነው፤ ትልቁ ጥርስ ክራውኑ 39፣ ትንሹ ፒኒየኑ 8።

በምትኩ ያስገባሁት 41 በ10 ነው፤ 4.1። የኔ ጎማ አንዴ ሲዞር ወደ 2.2 ሜትር ይሄዳል፣ አምስተኛ ማርሽ ደግሞ 0.85 ገደማ ነው፤ ዘንጉ አንዴ ሲዞር ሞተሩ 0.85 ዙር ይዞራል ማለት ነው። በዚህ ሲሰላ 100 ላይ ሞተሩ በደቂቃ 3,140 ዙር ያህል ይዞር የነበረው ወደ 2,640 ወረደ። በኪሎ ሜትር 300 ዙር ቀነሰ ማለት ነው። በ10,000 ኪሎ ሜትር 3 ሚሊዮን ዙር! ይህን ቁጥር ሳሰላ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ፒስተኑ ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለስ ቢዬላውን (ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን ክንድ) የሚጎትትበት ኃይል የሚያድገው በዙሩ ካሬ ልክ ነው። ዙሩ 16 በመቶ ሲቀንስ ያ ጉተታ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል።

ሜዳ ላይ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማል። ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ጋር ድምፄን ሳላነሳ ማውራት ቻልኩ። በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ተኩል የነበረው የናፍጣ ፍጆታም ባዶውን ሲሄድ 9 ሊትር ተኩል አካባቢ ሆነ።

ዳገት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በሦስተኛው ወር ገደማ ጭነት ሞልቼ አንድ ረጅም ዳገት ያዝኩ። በድሮው ልምዴ አምስተኛ ላይ ተውኩት። ፍጥነቱ 60 ሲደርስ የማርሽ መቀየሪያው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ከወለሉ ስር የሚመጣ፣ ጥርስ የሚያስነክስ ድድድታ። በመስታወት ስመለከት ከኋላዬ ጥቁር ጭስ ይዤ እየሄድኩ ነው። ነዳጅ መስጫውን እስከ ወለሉ ረግጬዋለሁ፣ መኪናው ግን ምንም አይጨምርም። በኋላ ሳሰላው ሞተሩ 1,580 ዙር ላይ ነበር።

የዚያን ቀን የገባኝ ነገር የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ነው። ያንኑ ዳገት በዚያው ፍጥነት ለመውጣት የሚያስፈልገው ጉልበት አልቀነሰም። ዙሩ ስለቀነሰ እያንዳንዱ ምት 19 በመቶ ያህል የበለጠ መግፋት አለበት። ያ ግፊት የሚያርፈው ቢዬላው ላይ ባሉት ብሮንዚኖች (የሞተሩ ዘንግ በውስጣቸው የሚዞርባቸው ስስ ሽፋኖች) ነው። ብሮንዚንን ከብረት ለብረት መፋተግ የሚያድነው መሀል ያለው ስስ የዘይት ሽፋን ነው፤ ሽፋኑ ደግሞ ዘንጉ ቀስ ብሎ ሲዞርና ጭነቱ ሲከብድ ይሳሳል። የዘይት ፓምፑም የውሃ ፓምፑም የሚዞሩት በሞተሩ ነው፤ እነሱም አብረው ይደክማሉ። ስለዚህ ጩኸት ሁሉ ጉዳት አይደለም፣ ዝምታም ሁሉ እረፍት አይደለም። የቆየ ሞተር የሚጎዳው ዙሩና ጭነቱ ሳይመጣጠኑ ሲቀሩ ነው።

አሁን ጭነት ካለኝ ከ80 በታች አምስተኛን አልነካም። ዳገት ሲጀምር፣ ሞተሩ ከመቃተቱ በፊት፣ ወደ አራተኛ እወርዳለሁ፤ ካስፈለገም ወደ ሦስተኛ። ጭሱም ድድድታውም ጠፍቷል።

ስለ ገጠማው ትንሽ ልበል። መጀመሪያ የተሠራልኝ ሥራ ጥሩ አልነበረም። ከ70 እስከ 80 ባለው ፍጥነት ነዳጅ ስለቅ ዲፈረንሻሉ ያፏጭ ነበር። አስፈትቼ በሌላ መካኒክ እንደገና አስገጠምኩት። እሱ ጥርሶቹን ቀለም ቀብቶ እያዞረ የሚነካኩበትን ቦታ አየ፣ በመሀላቸው ያለውን ክፍተት በመለኪያ ለካ፣ በስስ የብረት ዝርግ (ሺም) አስተካከለ። ፉጨቱ ቆመ። ቀለም ሳይቀባ የሚገጥም ሰው ካጋጠማችሁ ሥራውን አትስጡት። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን 800 ኪሎ ሜትሮች ያለ ጭነት ነድቼ የዲፈረንሻሉን ዘይት ቀየርኩ። የማፍሰሻው ቡሎን ማግኔት ላይ እንደ ቅባት የለሰለሰ ግራጫ ብናኝ ተጣብቆ ነበር። በጣቴ አሸት አሸት አደረግኩት፤ የሚቆረቁር ስብርባሪ የለውም። አዲስ ጥርስ ሲሟሽ የሚጠበቅ ነው።

ብዙዎች የሚዘነጉት ደግሞ ይሄ ነው። እንደኔ ባለ አሮጌ ፒካፕ የፍጥነት ቆጣሪው የሚነዳው ከካምቢዮው መውጫ ነው። ጥርሱ ሲቀየር ቆጣሪው ይዋሻል። የስልኬ ጂፒኤስ 100 ሲል ቀስቱ 84 ላይ ነበር። ከፍጥነቱ አደጋ ሌላ ለሞተሩም መጥፎ ነው፤ ቆጣሪው 5,000 እስኪል ዘይት ሳትቀይሩ ከጠበቃችሁ በእውነቱ ወደ 6,000 ተጠግታችኋል። ቆጣሪውን የምትነዳውን ትንሿን የላስቲክ ጥርስ እስካስቀይር ድረስ ዘይት የቀየርኩት በ4,200 ነው። በፊትም በኋላም እግር የሚጎትት መኪና ያላችሁ ደግሞ የፊቱንም የኋላውንም በአንድ ላይ ካልቀየራችሁ አትጀምሩት።

ሞተሩስ ተረፈ ወይ? ከመቀየሬ በፊትና አሁን ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀውን የአየር ግፊት) አስለክቻለሁ፤ ልዩነት የለውም። ያለቀን ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) የዲፈረንሻል ጥርስ አይመልሰውም፣ 9 ወርም ለመፍረድ አጭር ነው። በሁለት የዘይት ለውጥ መሀል የምጨምረው አንድ ሊትር ወደ ግማሽ ወርዷል። ግን በዚያው ሰሞን የአየር ማጣሪያው ሳጥን ላይ አቧራ የሚያስገባ የተቀደደ ጎሚኒ ቀይሬ ነበር። አቧራ ሲሊንደርና ፋሻን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው የሚበላው፤ ስለዚህ ምስጋናውን ሁሉ ለዲፈረንሻሉ መስጠት አልችልም።

ብዙ ጊዜ ባዶ ሆናችሁ ሜዳ መንገድ የምትነዱ ከሆነ 4.1 ይስማማችኋል። የኔ ሥራ ግን ግማሹ ጭነት ነው። እንደገና ብመርጥ 43 በ10 የሆነውን 4.3 እወስዳለሁ፤ በዚያ አምስተኛ ማርሽ 100 ላይ 2,770 ዙር አካባቢ ይሰጠኛል። ደህና ሁኔታ ላይ ያለ እየፈለግኩ ነው። እስካገኝ ዳገቱን በአራተኛ እወጣለሁ።